ተሳትፏዊ የሬዲዮ ትምህርትና የሚለካው ዝምታ

የትምህርት ቴክኖሎጂ ሲነሣ ስለ ኮምፒዩተር፣ ስለ ታብሌትና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚናገር አይጠፋም፤ ሬዲዮ ግን ዘመኑ እንዳለፈበት መሣሪያ ስለሚቆጠር፣ የሚታወሰው መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እንደታየው ሌላው መንገድ ሁሉ ሲጠብ ነው። ይህ ግምት ፍትሐዊ አይደለም፤ ምክንያቱም ከሬዲዮ ትምህርት ዓይነቶች አንዱ የሆነው ተሳትፏዊ የሬዲዮ ትምህርት ውጤቱ በጥብቅ ሙከራ ተመዝኖ ከተረጋገጠላቸው ጥቂት የማስተማሪያ ዘዴዎች የሚመደብ ነው።

በሬዲዮ ማስተማር በራሱ የቆየ ነገር ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ ለትምህርት ቤቶች ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን፣ በኮሎምቢያም ሆሴ ሆአኪን ሳልሴዶ የተባሉ ካህን በ1947 ሱታቴንሳ በምትባል የገጠር መንደር ባቋቋሙት ጣቢያ አማካይነት ገበሬዎችን ፊደል ማስቆጠር ጀምረው ነበር። ተሳትፏዊው ዘዴ ከእነዚህ የሚለየው አድማጩ እንዲያዳምጥ ብቻ ሳይሆን በየጥቂት ሰከንዱ እንዲናገር፣ እንዲቆጥር፣ እንዲጽፍና እንዲነሣ ስለሚያዝዝ ነው።

ዘዴው የተወለደው ከኮምፒዩተር ጎን መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፈላስፋ ፓትሪክ ሱፒስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሕፃናት በኮምፒዩተር ሒሳብ የሚለማመዱበትን ሥርዓት ሠርተው ነበር፤ መሠረቱም ተማሪው አጫጭር ጥያቄዎችን እንዲመልስና መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ወዲያው እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የተውጣጣ ቡድን ይህንኑ መርሕ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ኒካራጓ ወስዶ፣ ኮምፒዩተር ቀርቶ መማሪያ መጽሐፍ እንኳ በማይዳረስባቸው የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ በተራ ሬዲዮ ሒሳብ ማስተማር ጀመረ። ከዓመታት በኋላ በኬንያ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች እንግሊዝኛ የተማሩበት ፕሮጀክትም የዚሁ ዘዴ ፍሬ ነበር።

ሬዲዮ የአንድ አቅጣጫ መሣሪያ ነው የሚለው አባባል በየመድረኩ ስለሚደጋገም እንደ ሕግ ተወስዷል። በቴክኒክ ረገድ እውነት ነው፤ ማሰራጫው የክፍሉን ድምፅ አይሰማም። ሆኖም ተሳትፎን የሚፈጥረው የሞገዱ አቅጣጫ ሳይሆን የጊዜው አመዳደብ ነው። በሬዲዮው ውስጥ ያለችው ገጸ ባሕርይ “ሦስትና አራት ስንት ነው?” ብላ ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ ልጆቹ በኅብረት “ሰባት!” ይላሉ፤ እርሷም ወዲያው “ሰባት” ብላ ታጸናለች። መልሱን ያልሰማችው ገጸ ባሕርይ የሰማች የምትመስለው በጥያቄውና በማጽኛው መካከል ያለው ዝምታ በልክ ስለተቆረጠ ነው።

ልኩን ማግኘት ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው። ዝምታው ካጠረ ሬዲዮው ልጆቹን ቀድሞ መልሱን ስለሚናገር፣ ተማሪው ማሰቡን ትቶ መልስ መጠበቅን ይለምዳል፤ ከረዘመ ደግሞ ክፍሉ ይበተንና ጫጫታው ቀጣዩን ጥያቄ ይውጠዋል። ለቃል መልስ የሚበቃው ፋታ በደብተር ለሚጻፍ መልስ አይበቃም፤ እርሳስ ለማንሣት፣ መስመር ለመፈለግና አኃዙን ለመጻፍ የትንሽ ልጅ እጅ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የኒካራጓው ቡድን ልኩን በስቱዲዮ ግምት አልወሰነም፤ ታዛቢዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ልጆቹ የት እንደዘገዩና የት እንደሰለቹ ይመዘግቡ፣ በየጊዜውም አጫጭር ፈተና ይሰጡ ነበር፤ የትምህርቱ ጽሑፍም በዚያ መሠረት ይታረም ነበር።

የዚህን ዝምታ ዋጋ ሌላ ጥናትም ያጠናክረዋል። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በብዙ ክፍሎች የተቀረጹ ድምፆችን መርምረው፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚታገሡ፣ ይህን ፋታ 3 ሰከንድ እና ከዚያ በላይ ሲያደርጉት ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ቀድሞ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። እዚህ ላይ የቄስ ትምህርት ቤቱን የኅብረት ንባብ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ልዩነቱ ግን እዚያ ልጁ የኔታ ያሉትን ሲደግም፣ እዚህ ገና ያልተነገረውን ቀድሞ መናገሩ ነው።

ፋታ ሲጠፋ የሚሆነውም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረውና በተለምዶ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ከሬዲዮ እጅግ የላቀ ቴክኖሎጂ ነበር፤ ምስል፣ ቀለምና የቤተ ሙከራ ትዕይንት ነበረው። ከመምህራንና ከተማሪዎች ተደጋግሞ የቀረበው ቅሬታ ግን ፍጥነቱ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የቀረበው ጥያቄ ተሰምቶ፣ ተተርጉሞና ታስቦ ሳያልቅ ማያው ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ፋታ ነበር።

ፋታው በልክ በተቆረጠበት በኒካራጓ ግን በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገውና ክፍሎቹ በዕጣ የተመደቡበት ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1981 ሲታተም፣ መማሪያ መጽሐፍ ማዳረስ የተማሪዎቹን ውጤት በአንድ ሦስተኛ መደበኛ ልይይት፣ የሬዲዮው ትምህርት ደግሞ በ1.5 ያህል መደበኛ ልይይት ከፍ ማድረጉ ታየ፤ መደበኛ ልይይት ማለት ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚገልጽ የስታቲስቲክስ መለኪያ ነው። በከተማና በገጠር ልጆች መካከል የነበረውንም ልዩነት አጥብቧል።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ልጆቹ በአንድነት “ስምንት!” ቢሉም ሬዲዮው “ሰባት” ብሎ ከማለፍ በቀር ለምን እንደተሳሳቱ አይጠይቅም፤ በኅብረቱ ድምፅ ውስጥ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅም ሊደበቅ ይችላል። እነዚህን የሚያይ መምህሩ ነው፤ ስለዚህ ሬዲዮውን ከፍቶ ወደ በረንዳ የሚወጣ መምህር ዘዴውን ግማሽ ያደርገዋል፤ በፋታው መካከል ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚደግም ወይም መልሱን የሚሹክ መምህር ደግሞ ጨርሶ ያፈርሰዋል። የቆዩ ትምህርቶችን ወደ ዲጂታል ቅጂ የሚቀይሩ ባለሙያዎችም ባዶ የመሰላቸውን ድምፅ አልባ ቦታ የሚቆርጥ ሶፍትዌር ከመጠቀማቸው በፊት የሚቆርጡት የልጆቹን ተራ መሆኑን ሊያስተውሉ ይገባል። አዲስ ትምህርት የሚያዘጋጁ ደግሞ ጽሑፋቸውን ከመቅረጻቸው በፊት ወደ አንድ ክፍል ይዘው ገብተው፣ ልጆቹ መልሱን ጽፈው እርሳሳቸውን እስኪያስቀምጡ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባቸው በሰዓት ይለኩ።