አንዲት ፊደል ስትለወጥ

በደብዳቤ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ የትእዛዙ ትርጉም ሊፋለስ እንደሚችል በጽሕፈት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የሰውነታችንም መመሪያ ዲ ኤን ኤ በተባለው ረቂቅ ክር ላይ በአራት ዓይነት ፊደላት እንደ ተጻፈ ያህል ነው። በዚህ ጽሕፈት ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ሊቃውንት ሚውቴሽን ይሉታል።

ሲክል ሴል የተባለው ሕመም ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደ ማጭድ እያጎበጠ የደም ሥርን የሚዘጋው ከአንዲት ፊደል መለወጥ የተነሣ ነው። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ይታመማል፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰ ግን ከብርቱ ወባ ይጠበቃል። ስለዚህም ለውጡ ወባ በሚበዛባቸው አገሮች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖረ።

እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ብሪታንያና አሜሪካ ክሪስፐር በተባለው ዘዴ የሚሰጠውን ሕክምና ፈቀዱ። ሐኪሞች የበሽተኛውን ደም አመንጪ ሕዋሳት ያወጣሉ፤ በፅንስነቱ ጊዜ ይሠራ የነበረውን ጤናማ ሂሞግሎቢን የሚያግደው ትእዛዝ ከዲ ኤን ኤው ላይ ተቆርጦ ይሰናከላል፤ ከዚያም ሕዋሳቱ ወደ ሰውነቱ ይመለሳሉ።

ይሁን እንጂ የሕክምናው ዋጋ በአሜሪካ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ተተመነ፤ ሕመሙን ይዘው ከሚወለዱት ሕፃናት የሚበዙት ግን በአፍሪካ ናቸው። ጥበቡ ተገኝቷል፤ የሚቀረው ለችግረኛው ማድረስ ነው።