«እማዬ፣ ሮቦት ይሰግዳል?»



አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በቴሌቪዥን መስኮት እንደ ሰው በሁለት እግሩ የሚራመድ፣ ጎንበስ ብሎም ዕቃ የሚያነሳ ሮቦት አየ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ወደ እናቱ ዞሮ፣ «እማዬ፣ ሮቦት ይሰግዳል?» ሲል ጠየቃት። እናቱ «ሂድ ወዲያ፣ የማይሆን ነገር አትጠይቅ» ልትለው ትችል ነበር። እሷ ግን ሥራዋን አቁማ እንዲህ ስትል መለሰችለት፦ «ጎንበስ ቀና እንዲል ሰዎች ሊያደርጉት ይችላሉ። ኒያ ግን የለውም። ጎንበስ የሚለው ሰው ጎንበስ በል ስላለው ብቻ ነው።»

ይህች አጭር መልስ አንድ ልጅ ስለ ሮቦት ማወቅ ያለበትን ዋናውን ቁም ነገር ይዛለች። ሮቦት ሰው የሠራው፣ ሰው ያዘዘውን የሚፈጽም መሣሪያ ነው። ለጥቅምም ይዋል ለጉዳት፣ ከበስተጀርባው ያዘዘው ሰው አለ። ዛሬ ልጆቻችን የሚናገሩና የሚመልሱ መሣሪያዎች በሞሉበት ዘመን እያደጉ ነው። እኛ ካላስረዳናቸው አንዳንዱ ይፈራቸዋል፣ ሌላው ደግሞ እንደ ጓደኛ አምኗቸው ምሥጢሩን ያዋያቸዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የወላጅ ጉዳይ ነው።

ሮቦት ምንድን ነው?

ቃሉ የመጣው ከቼክ ቋንቋ ነው። «ሮቦታ» ማለት በግዴታ የሚሠራ ሥራ ማለት ሲሆን፣ ጸሐፊው ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ውስጥ ሰው ሠራሽ ሠራተኞችን «ሮቦት» ብሎ ጠራቸው። ስያሜውን ያመጣለት ወንድሙ ዮሴፍ ነበር።

ለልጅ ስናስረዳ ሦስት ነገሮችን ብንነግረው ይበቃል። ሮቦት የሚያውቅበት፣ የሚወስንበትና የሚሠራበት አካል አለው። የሚያውቀው ካሜራንና ሌሎች ሴንሰር የሚባሉ መሣሪያዎችን በመጠቀም ነው። የሚወስነው ሰዎች በኮምፒዩተሩ ውስጥ ባስቀመጡለት መመሪያ፣ ማለትም በፕሮግራም ነው። የሚሠራው ደግሞ በሞተር በሚንቀሳቀሱ እጆች ወይም ጎማዎች ነው። ቬንትሌተር ፊቱ ሰው ቢኖርም ባይኖርም መዞሩን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሮቦት አይባልም። ወለል የሚጠርገው ትንሽ ሮቦት ግን ወንበር ሲነካ አቅጣጫውን ይለውጣል።

ስለዚህ ሮቦት የግድ ሰው መምሰል የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በሚገኝ የመኪና ፋብሪካ ሥራ የጀመረው «ዩኒሜት» አንድ ትልቅ የብረት ክንድ ብቻ ነበር። ሥራውም የጋለ ብረት ከማሽን እያወጣ ማስቀመጥ፣ ማለትም ሰውን ሊያቃጥል የሚችል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ያረፈው «ፐርሲቪራንስ» ደግሞ ስድስት ጎማ ያለው መኪና ይመስላል። ከምድር የሚላክለት መልእክት እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ድንጋይ ሲያጋጥመው በተሰጠው መመሪያ ራሱ ዞሮ ማለፍ አለበት።

ከስምንት መቶ ዓመት በፊት

ልጆቻችን ይህ ሁሉ ትናንት የተጀመረ፣ ከእኛም የራቀ ነገር እንዳይመስላቸው አንድ ታሪክ እንንገራቸው። ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ዲያርባኪር ከተማ፣ በአርቱቅ ሱልጣኖች ቤት ኢስማዒል አል-ጀዘሪ የሚባል መሐንዲስ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1206 በፈጸመው መጽሐፉ የ50 መሣሪያዎችን አሠራር ከነሥዕላቸው አስፍሯል። ከእነዚህም መካከል ለሱልጣኑ ውዱእ ከማንቆርቆሪያ ውሃ የሚያፈስ፣ ውሃው ሲያልቅም ፎጣ የሚያቀርብ የአገልጋይ ቅርጽ ይገኝበታል። በዚያ ውስጥ ኤሌክትሪክም ኮምፒዩተርም አልነበረም። ሥራው ሁሉ የሚከናወነው በውሃ ክብደት፣ በተንሳፋፊ ዕቃና በገመድ ነበር።

ከእርሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎም በባግዳድ በኑ ሙሳ የተባሉ ሦስት ወንድማማቾች ስለ ረቂቅ መሣሪያዎች መጽሐፍ ጽፈዋል። ልጃችን ይህን ሲሰማ፣ «እኔስ መሥራት እችላለሁ?» የሚል ጥያቄ ካነሳ ታሪኩ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ሕፃናትን ከግመል ጀርባ ያወረደው ሮቦት

ሮቦት ምን ይጠቅማል ለሚል ልጅ ከሁሉ የበለጠ የሚገባው ምሳሌ የራሱ ዕድሜ እኩዮች ታሪክ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የግመል ሽቅድምድም የቆየ ባህል ነው። ጋላቢው በቀለለ መጠን ግመሉ ይፈጥናል። በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ከሱዳን፣ ከሞሪታኒያ፣ ከፓኪስታንና ከባንግላዴሽ ሕፃናት ይወሰዱ ነበር። ከእነዚህ መካከል አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው ሳይቀሩ ነበሩ። ክብደታቸው እንዳይጨምር ምግብ የሚቀነስባቸው፣ ከሚሮጥ ግመል ወድቀው የሚሰበሩና የሚሞቱም ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኳታርና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሕፃናትን ጋላቢነት በሕግ ከለከሉ። በሕፃናቱም ቦታ ሮቦት ተቀመጠ። የመጀመሪያዎቹ የሰው መልክ የተሰጣቸውና ከባድ ነበሩ፤ በኋላ የተሠሩት ግን ጥቂት ኪሎ ብቻ የሚመዝኑ ሆኑ። የግመሉ ባለቤት ከመሮጫው ጎን ጎን በመኪና እየተከተለ፣ በሬዲዮ እያዘዘ አለንጋውን ያሽከረክረዋል። በሮቦቱ ላይ በተገጠመ ድምፅ ማጉያም ግመሉን ይጣራል።

እዚህ ላይ ልጃችንን እንጠይቀው፦ «ሮቦቱ ለሕፃናቱ አዝኖ ነው?» አይደለም። ሮቦት አያዝንም። ያዘኑት፣ የጮኹትና ሕግ ያወጡት ሰዎች ናቸው። ሮቦቱ የሰጠው አገልግሎት የሕፃኑን ቦታ መተካት ነው። ይኸው ካሜራ፣ ይኸው ሞተር፣ ይኸው ሬዲዮ ሰው በሚገድል መሣሪያ ላይም ሊገጠም ይችላል፤ ተገጥሞም ታይቷል። በፋብሪካ ሲተከል የሰውን ጉልበት እንደሚያድን ሁሉ የሰውን እንጀራ ሊነጥቅም ይችላል። መሣሪያው እሺም እምቢም አይልም። አማናው ያለው በአዛዡ ላይ ነው።

ሻንጣዋ የጠፋባት እንግዳ

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር «ሶፊያ» የተባለችው፣ ፊቷ ሰው የሚመስልና የምትናገር ሮቦት ወደ አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሶፍትዌሯን በማዘጋጀት ረገድ አዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ ወጣት ባለሙያዎች ድርሻ ነበራቸው። ታዲያ በጉዞዋ ላይ የአካል ክፍሎቿ የነበሩበት ሻንጣ ጠፋና ዜና ሆነ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ግን ደግሞ እንጠይቃቸው፦ ሻንጣው ሲጠፋ የደነገጠው ማን ነው? ሶፊያ ፈገግ ማለትና መቆጣት መምሰል ትችላለች። የደነገጡት ግን አብረዋት የነበሩት ሰዎች ናቸው። መምሰልና መሆን የተለያዩ መሆናቸውን ልጅ ከዚህ በቀላሉ ይረዳል።

ቤት ውስጥ እንሞክረው

ሮቦት ለመግዛት ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ማታ አባት «ዛሬ እኔ ሮቦት ነኝ፤ ሻይ ላይ ስኳር እንድጨምር እዘዙኝ» ይበል። ልጆቹ «ስኳር ጨምር» ካሉት ዝም ብሎ ይቁም፤ ሮቦት እንዲህ ያለው ትእዛዝ አይገባውምና። «እጅህን ዘርጋ፣ ማንኪያውን ያዝ፣ ስኳር ዛቅ፣ ወደ ቀኝ ውሰድ፣ ገልብጥ» እያሉ ይዘዙት። ብርጭቆውን ማስጠጋት ከረሱ ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል፤ ቤቱም በሳቅ ይሞላል። ያን ጊዜ «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ልጁ «የእኔ፤ ብርጭቆውን አስጠጋ አላልኩም» ሲል፣ የፕሮግራም ሥራ ምን እንደሆነ ገብቶታል። ቀጥሎ «እጅህ ብርጭቆ ከነካ ገልብጥ፣ ካልነካ ፈልግ» ብሎ ማዘዝን እናስተምረው። ያ ሴንሰር ነው።

ለታላላቆቹ ደግሞ አዲስ መሣሪያ ባዩ ቁጥር ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው፦ በምን ያውቃል? ማን አዘዘው? ጉዳት ቢያደርስ ማን ይጠየቃል? እነዚህን የሚጠይቅ ልጅ በመሣሪያ አይደናገጥም፣ አይታለልምም። ነገ ራሱ አዛዥ በሚሆንበት ጊዜም ምን ማዘዝ እንደሌለበት ያውቃል።

ያቺ እናት ከመለሰች በኋላ ልጇ አንድ ጥያቄ ጨመረ ይባላል፦ «እንግዲያው ኒያው የማን ነው?» «የሠሪው ነዋ» አለችው። «ስለዚህ አንተ ስትሠራ፣ ኒያህን አሳምር።»