«ሱቅ ደርሼ መጣሁ» ማለት ይቅር!

ልጃቸውን ማቆያ ሊያስገቡ የተነሱ ወላጆችን «ምን ምን አዘጋጃችሁ?» ብትሏቸው ዝርዝሩ አያልቅም። ቦርሳ፣ ምሳ ዕቃ፣ ኮዳ፣ ቅያሪ ልብስ... «ልጁንስ ምን ነገራችሁት?» ስትሏቸው ግን ጸጥ! «ምን ይገባዋል ብለህ ነው? ገና ሁለት ዓመቱ እኮ ነው!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከምሳ ዕቃው በፊት መሰናዳት ያለበት ይሄ ነው ባይ ነኝ።

የእኛ የአዳማ ወጣት ባለትዳሮች ኑሮ የታወቀ ነው። ሁለቱም ሥራ ይውላሉ። አያት ያለችው ሌላ አገር ነው፤ የቤት ሠራተኛ ዛሬ ገብታ ነገ ትወጣለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እሱ ሲያልቅ እህትም ጎረቤትም ትይዝላችሁ ይሆናል። አንድ ቀን ግን ማቆያው አይቀርም።

ያን ቀን ብዙ ወላጅ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። ልጁ አሻንጉሊት ሲያይ ሹልክ! ድንገት ካያቸው ደግሞ «ሱቅ ደርሼ፣ ከረሜላ ገዝቼ መጣሁ!» ፍራንኮ አካባቢ የምትኖር አንዲት የማውቃት እናት እንዲህ ብላ ሄደች። ሱቅ የሄደችው እናት የተመለሰችው ማታ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ እናቷ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ ቀሚሷን ይዛ አልለቅም አለች። ምን ታድርግ? ሱቅም የምትሄድ እናት ቀኑን ሙሉ እንደምትጠፋ አይታለች!

ልጅ ከ8ኛ ወሩ ገደማ ጀምሮ ከሚወደው ሰው ሲለይ ያለቅሳል። አንድ ዓመት አካባቢ ሲደርስ ይብስበታል፤ ሦስት ዓመት ገደማ ይረግባል። ይሄ መሞላቀቅ አይደለም። የሄደ ሰው እንደሚመለስ ገና እየተማረ ነው። ዝም ያለ ልጅ ሁሉም ለምዷል ማለት አይደለም። የስኮትላንድ ተወላጁ ጄምስ ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ሆስፒታል የገባችን የሁለት ዓመት ልጅ በፊልም ቀርጾ ይህንኑ ለሐኪሞች አሳይቷል።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀምሩ።

መጀመሪያ መለየትን በትንሽ በትንሹ አለማምዱት። አክስቱ ጋ ተዉትና «ቻው፣ እመጣለሁ» ብላችሁ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ተመለሱ። በማግስቱ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት።

ቤት የሚተኛበትንና የሚበላበትን ሰዓት ከማቆያው ጋር አስማሙ። ጉርሻም ይቀነስ! አንዲት ሞግዚት ለስንቱ ታጉርስ? ቢያዝረከርክም በእጁ ይብላ።

ሽንት ሲመጣበት የሚናገርበትን ቃል ለሞግዚቷ ንገሯት። በእኛ ከተማ ቤት ውስጥ አማርኛ ሰምቶ ያደገ ልጅ ኦሮምኛ የምትናገር ሞግዚት ሊገጥመው ይችላል፤ የተገላቢጦሹም አለ። «ውሃ» ቢሻን፣ «ሽንት» ፊንጫን መሆኑን በጨዋታ መካከል ቢለምድ ከብዙ ለቅሶ ይድናል።

ማቆያውን ሳይጀምር ወስዳችሁ አሳዩት። እግረ መንገዳችሁን ልጆቹ የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የብዙ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም። ካልተማመናችሁ ውሃውን ከቤት በኮዳ ላኩለት።

ሲያስቸግር «ቆይ፣ ማቆያ ስትገባ ታገኛታለህ!» ማለትም ይቅር። አስፈራርታችሁ ስታበቁ በደስታ እንዲገባ ትጠብቃላችሁ እንዴ?

የመጀመሪያው ቀን ሲደርስ ስንብቱ አጭር ይሁን። ሳሙት፤ «መክሰስ ከበላህ በኋላ እመጣለሁ» በሉት። የሁለት ዓመት ልጅ 10 ሰዓትን አያውቅም፤ መክሰስን ግን አሳምሮ ያውቃል። የእናቱን ነጠላ ወይም የለመደውን ብርድ ልብስ አብራችሁ ስጡት። ከዚያ ሂዱ። በሩ ላይ ቆማችሁ አብራችሁ አታልቅሱ! ከተቻለ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ ይዋል።

ያለቅሳል? አዎ፣ ያለቅሳል። ለብዙው ልጅ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል። ሳምንታት አልፈው ምግብ እንቢ ካለ፣ ሌሊት እየባነነ ከጮኸ፣ አንድን ሰው ለይቶ ከፈራ ወይም ገላው ላይ ምልክት ካያችሁ ግን «ይለምዳል» ብላችሁ አትለፉት። ሳትናገሩ በእኩለ ቀን ሄዳችሁ እዩ፤ ጠይቁ። ወላጅን በሥራ ሰዓት ከበር የሚመልስ ማቆያ ልጅ አይሰጠውም።

ዋናው ነገር ባላችሁት ሰዓት መድረስ ነው። ሞጆ ወይም ወንጂ የምትሠሩ ከሆነ ታክሲ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ አስቡ። ፈጥኖ የሚደርስ አክስት ወይም አጎት አዘጋጁ። ጠዋት ለልጁም «ዛሬ የሚወስድህ አጎትህ ነው» ብላችሁ ንገሩት። ለሞግዚቷም ማንነቱን አሳውቋት።

በሉ፣ መልካም ጅምር!