ሌላ ከተማ የተጻፈ የፍጥነት ቅጣት የት ያልቃል?

ከመቂ ዙሪያ ቲማቲም የጫነ አይሱዙ በሌሊት ተነሥቶ፣ ጎሕ ሲቀድ አዲስ አበባ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከሚገኘው የአትክልት ገበያ ለመድረስ ይገሰግሳል። ገበያው የጠዋት ነው፤ ረፋድ ላይ የደረሰ ጭነት ገዢው በቆረጠለት ዋጋ ይራገፋል። የዚህ መኪና አሽከርካሪ የቢሾፍቱ ነዋሪ ነው፣ መንጃ ፈቃዱንም ያወጣው ከኦሮሚያ ክልል ነው እንበል። የመኪናው ሰሌዳ «ኦሮ» የሚል ነው። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ በራዳር ታየ፤ እንዲቆም ተደረገ፤ የክስ ወረቀትም ተጻፈለት። ይህ ቅጣት እስከ ቢሾፍቱ ይከተለዋል ወይስ እዚያው ከተማ በር ላይ ይቀራል?

ጥያቄው ለቢሾፍቱ ሰው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ የምትርቀው 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንቁላልና ዶሮ፣ የአድአ ጤፍ፣ አትክልትና ሠራተኛ በየቀኑ በዚህ መንገድ ይመላለሳል። አሽከርካሪው በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ የአንዱን አስተዳደር ትራፊክ ፖሊስ አልፎ በሌላው ሥር ይገባል። ወደ ደቡብ እስከ ሐዋሳ የሚወርድ ደግሞ ሌላም የክልል ወሰን ያቋርጣል።

በመጀመሪያ መጥራት ያለበት «የኔ ሰሌዳ የሌላ ክልል ነው፣ እዚህ የተጻፈው አይነካኝም» የሚለው ወሬ ነው። ኢትዮጵያ የክልሎች ፌዴሬሽን ብትሆንም የመንገድ ትራፊክ ሕጓ በየክልሉ የሚለያይ አይደለም። ጥፋቶቹንና ቅጣታቸውን ለዓመታት በዝርዝር አስቀምጦ የነበረው ደንብ ቁጥር 208/2003 የወጣው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ሲሻሻልም እንደዚሁ። የመንጃ ፈቃዱም መሠረት የፌዴራል ሕግ ነው፤ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010። በአንዱ ክልል የተሰጠ ፈቃድ በመላ አገሪቱ ስለሚያገለግል በአንዱ ክልል የተፈጸመ ጥፋትም የዚያው ባለፈቃድ ጥፋት ሆኖ ይቆያል።

ክልል ከክልል የሚለያየው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ክሱን የሚጽፈው የአካባቢው ትራፊክ ፖሊስ ወይም ተቆጣጣሪ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው እዚያው አስተዳደር በወሰነው የክፍያ መንገድ ነው፤ ሰነዱም የሚቀመጠው እዚያው ነው። አዲስ አበባ ላይ በቴሌብር ወይም በባንክ የሚያልቅ ጉዳይ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የገንዘብ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ መሰለፍን ሊጠይቅ ይችላል። መስኮቱ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና በበዓል ቀን ይዘጋል።

በተግባር አሽከርካሪውን የሚጎዳውም ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው። የቅጣቱ መጠን ከቀድሞው ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን የመኪና ባለቤቶች የሚያማርሩት አብዛኛውን ጊዜ በሚባክነው ቀን ነው። ክሱ እስኪከፈል ድረስ መንጃ ፈቃዱ ሊያዝ ወይም ታርጋው ሊፈታ ይችላል። የተያዘውም ነገር የሚገኘው ጥፋቱ በተፈጸመበት ከተማ ነው እንጂ ቢሾፍቱ አይደለም። ቅጣቱን በኋላ እከፍላለሁ ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ለጥቂት መቶ ወይም ለጥቂት ሺህ ብር ሲል የነዳጅ፣ የመንገድ ክፍያና የአንድ የሥራ ቀን ወጪ ጨምሮ እንደገና ይመለሳል። ስለዚህ ጥፋቱን ያመነ አሽከርካሪ ከዚያ ከተማ ሳይወጣ ከፍሎ፣ የተያዘበትን ተረክቦ፣ ደረሰኙን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

ጥፋቱን ያላመነስ? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 99 ያስቀመጠው መርህ፣ ጥፋት የሚታየው በተፈጸመበት አካባቢ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት መሆኑን ነው። አሽከርካሪው ቢሾፍቱ ላይ ሆኖ አዲስ አበባ የተጻፈበትን ክስ ልከራከር ቢል አይሆንለትም፤ እዚያው መቅረብ ይኖርበታል። ይህ በራሱ ብዙዎች ያላመኑበትን ቅጣት እንዲከፍሉ የሚያደርግ ጫና ነው። ሕጉ የመከራከር መብት ሰጥቷል፤ መብቱን የሚያስወድደው ርቀቱ ነው። ሆኖም ቅጣቱ ከባድ ከሆነ ወይም የእንጀራ ገመድ የሆነውን ፈቃድ የሚያሳግድ ከሆነ የመመላለሱ ወጪ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

ለመከራከር የፈለገም ያልፈለገም ሰው ወረቀቱን እዚያው ቆሞ ማንበብ አለበት። በላዩ ስሙና የፈቃዱ ቁጥር፣ የሰሌዳው ቁጥር፣ ቦታውና ሰዓቱ፣ የተለካው ፍጥነትና በዚያ መንገድ የተፈቀደው ፍጥነት፣ የተጠቀሰው ጥፋት፣ መክፈያው ጊዜና ቦታ በትክክል መጻፋቸውን ይመልከት። አንዲት የሰሌዳ ቁጥር ስትዛነፍ የሌላ ሰው ጥፋት በስሙ ይመዘገባል፤ እሱ የከፈለውም በስሙ ላይታይ ይችላል። ስሕተት ካለ በትሕትና ወዲያውኑ ማመልከት ከሳምንት በኋላ ቢሮ ለቢሮ ከመንከራተት ይቀላል። ያለ ደረሰኝ በእጅ የሚሰጥ ብር ደግሞ ክሱን አይዘጋውም፤ ጉቦ ሰጪውንም ተቀባዩንም በወንጀል ያስጠይቃል።

ሳይከፈል የቀረ ክስ ዝም ብሎ ቢቆይም አይጠፋም። ፈቃድ ሲታደስ፣ መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ቀርቦ ቦሎ ሲጠየቅ ወይም ስመ ንብረት ሲዛወር መሰናክል ሆኖ ብቅ ሊል ይችላል። ይህ በተለይ አሮጌ አይሱዙ በማኅበር ወይም በግል ለሚገዙ አርሶ አደሮች ማስጠንቀቂያ ነው። ሞተሩንና ጎማውን አስመርምሮ የሚገዛ ሰው፣ መኪናው በሠራባቸው ከተሞች ያልተከፈለ ቅጣት እንደሌለበት ማስረጃ መጠየቁን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ሻጩ ዋጋውን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ይህን ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ደንብ ቁጥር 208/2003 ከገንዘብ ቅጣት ጎን የጥፋት ነጥብ የሚባል ነገር ይዞ መጥቶ ነበር። ነጥቡ እየተጠራቀመ ሲሄድ ፈቃድን እስከ ማገድና መሰረዝ ያደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ይህንን በሙሉ ለማስፈጸም ሲታሰብ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. የታክሲ አሽከርካሪዎች ሥራ አቆሙ፤ ነዋሪው በእግሩ ሲጓዝ ዋለ፤ አፈጻጸሙም እንዲዘገይ ተደረገ። የአሽከርካሪዎቹ ስጋት መሠረተ ቢስ አልነበረም። ነጥብ ትርጉም የሚኖረው ግን በሁሉም ክልሎች የተመዘገበው በአንድ መዝገብ ሲታይ ነው። መዝገቡ ካልተገናኘ በሦስት ከተማ ያጠፋ ሰው በሦስቱም «ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ» መስሎ ይቀርባል፤ በአንድ ከተማ ሦስት ጊዜ ያጠፋው ግን ሙሉ ቅጣቱን ይቀበላል። ይህ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ብዙ የቢሾፍቱና የአዳማ ቤተሰቦች ዘመድ ያሏቸውን የዋሽንግተን ዲሲን አካባቢ መመልከት ይበቃል። እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቨርጂኒያ አድሮ፣ ዲሲ ሠርቶ፣ ሜሪላንድ ገበያ ሊወጣ ይችላል፤ በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ የትራፊክ ሕጎችን ያቋርጣል። በአሜሪካ ሕጉ ራሱ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በቨርጂኒያ ከተፈቀደው በ20 ማይል፣ ማለትም በ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በልጦ መንዳት፣ ወይም በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መሄድ፣ ተራ ቅጣት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራት ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። አብዛኞቹ ግዛቶች መረጃ የሚለዋወጡባቸው ስምምነቶች አሏቸው፤ አንዱ ጥፋቱ ፈቃዱን ለሰጠው ግዛት እንዲነገር ያደርጋል፣ ሌላው ደግሞ ክሱን ችላ ያለ ሰው በቤቱ ግዛት ፈቃዱ እንዲታገድ መንገድ ይከፍታል። ያም ሆኖ ቀዳዳ አለ። የዲሲ የፍጥነት ካሜራዎች በሌላ ግዛት ሰሌዳዎች ላይ የሚጽፉት ቅጣት ለዓመታት ሳይከፈል ሲጠራቀም ቆይቶ፣ የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ዋና ዐቃቤ ሕጉ ከሌላ ግዛት የሚመጡ አጥፊዎችን በፍርድ ቤት እንዲከስ የሚፈቅድ ሕግ አጽድቋል። እነሱ በካሜራና በስምምነት የሚታገሉትን የኛ ትራፊክ ፖሊስ ታርጋ በመፍታት ይወጣዋል ማለት ይቻላል። ዘዴው ክፍያውን ያስገኛል፤ ነገር ግን ጭነቱን መንገድ ላይ ያስቀራል።

ቅጣቱ ሳይመጣ መከላከል ይቻላል። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አዳማ የሚደርሰው፣ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው ባለ ስድስት መስመር የፍጥነት መንገድ እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል። በዚህ ፍጥነት ጥቂት ደቂቃ የነዳ ሰው ዓይኑና ጆሮው ይለምዱታል። ከክፍያ ጣቢያው ወጥቶ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ወደሚርመሰመስበት ከተማ ሲገባ 80 ኪሎ ሜትር እየነዳ የሚንፏቀቅ ይመስለዋል። ከፍጥነት መንገድ ሲወጣ ስሜትን አምኖ ከመንዳት የፍጥነት ቆጣሪውን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ በጥድፊያው የሚተርፈው ጊዜ ስንት ነው? ከመቂ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሳይቆም በ80 የሄደ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በ100 የሄደ 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። ትርፉ 20 ደቂቃ ነው፤ አንድ ጊዜ ቆሞ የክስ ወረቀት ማስጻፍ ደግሞ ይህንኑ ያህል ይወስዳል። ቲማቲም የጫነ ሰው ቢቸኩል ምክንያቱ ይገባል፤ ጤፍ ጭኖ የሚበረውን ግን ምን እንደሚያስቸኩለው ማወቅ ያዳግታል። አይሱዙ በሕዝቡ ዘንድ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ያተረፈው በከንቱ አይደለም።

በሌላ በኩል ፍጥነቱ ከ80 ወደ 100 ሲያድግ የመኪናው የግጭት ጉልበት ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ጉልበቱ የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ሳይሆን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሆነ ነው። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ በሚያልፈው አንድ ሰከንድ ብቻ መኪናው 28 ሜትር ይነጉዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያደርስ አደጋ የመከሰት ዕድል በ4 በመቶ ያድጋል። አደጋው ሰው ከገደለ ጉዳዩ ከትራፊክ ደንብ ወጥቶ የወንጀል ሕግ ውስጥ ይገባል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በሙያው ሰውን የመጠበቅ ግዴታ ያለበትን፣ ሹፌርን ጭምር ጠቅሶ፣ በቸልተኛነት ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይደነግጋል። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ወይም አጥፊው ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል።

የቀረው ቅጣቱን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ወረቀቱ የሚጻፈው በአሽከርካሪው ስም ነው፤ ታርጋው ሲፈታ ሥራ የሚፈታው የመኪናው ባለቤት ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚበሰብሰው ቲማቲም ደግሞ የአርሶ አደሩ ነው። ሦስቱም ብዙ ጊዜ የሚስማሙት በቃል፣ ለዚያውም በኪራዩ ዋጋ ላይ ብቻ ነው። አንዳንዴም ጭነቱን ያስጫነው ራሱ «ከንጋቱ በፊት ካደረስክልኝ ጉርሻ አለህ» ብሎ ሹፌሩን ያጣድፋል፤ ቅጣቱ ሲመጣ ግን አይመለከተኝም ይላል። አጓጓዥ ለዕቃ ጉዳትና ለመዘግየት ስለሚኖረው ኃላፊነት በየብስ ዕቃ የማጓጓዝ ሥራ አዋጅ ቁጥር 547/1999 ቢደነግግም፣ ያለ ጭነት ሰነድ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ሁለት ምስክር ባለበት በአንድ ገጽ ወረቀት የሚጫንበትን ሰዓት፣ የሚደርስበትን ሰዓት፣ በአሽከርካሪው ጥፋት ለሚመጣ ቅጣትና መዘግየት ተጠያቂው ማን እንደሆነ መጻፍ ይቻላል። የመነሻው ሰዓት በአንድ ሰዓት ቀደም ቢል ደግሞ ሹፌሩ ሊያተርፋት ከሚሮጥላት 20 ደቂቃ ሦስት እጥፍ ይገኛል።