ዐይንን የመምራት ሙያ፦ ከፊልም መንደር እስከ ጌም ካርታ

አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 በሠራው «ሰባቱ ሳሙራይ» ፊልም (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ውጊያው ከመጀመሩ በፊት የሳሙራዮቹ አለቃ ካምቤይ የሚከላከሉትን መንደር ዞሮ ያያል፤ ካርታም ያዘጋጃል። በአንድ በኩል አጥር ይታጠራል፣ በሌላ በኩል ማሳው ውኃ ይሞላል፣ ድልድዩ ይፈርሳል። አንድ መግቢያ ብቻ ሆን ተብሎ ክፍት ይተዋል፤ መንደሩን የሚያጠቁት ሽፍቶች በዚያ በኩል ጥቂት ጥቂት ሆነው ሲገቡ እንዲያዙ። ተመልካቹ ይህን ካርታ በልቡ ስለሚይዝ ዝናብና ጭቃ በተደባለቀበት የመጨረሻው ፍልሚያ እንኳ ማን ከየት እንደመጣ አይጠፋበትም። ዛሬ ብዙ የአክሽን ፊልሞች ካሜራውን እያወናጨፉ የሚያጡት ይህንኑ ነው።

በ2001 ዴቭ ጆንስተን የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ «ካውንተር-ስትራይክ» ለተባለው ጌም «ደስት 2» የተሰኘውን ካርታ ሲሠራ የፈታው ጥያቄ ከካምቤይ ጥያቄ ብዙም አይርቅም። አንዱ ቡድን ቦምብ ለማጥመድ ይመጣል፤ ሌላው ይከላከላል። ቦምብ የሚጠመድባቸው ሁለት ቦታዎች ኤ እና ቢ ይባላሉ። ወደ ኤ በረጅምና ገላጣ መንገድ ወይም ከፍ ብሎ በተሠራ አጭር መተላለፊያ ይደረሳል፤ ወደ ቢ ደግሞ በጨለም ባለ ዋሻ ይገባል። መሐል ላይ ባለ ሁለት ተካፋች በር አለ። ከአጥቂዎቹ መነሻ ቆሞ በዚህ በር ክፍተት የሚያነጣጥር አልሞ ተኳሽ፣ ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተከላካዮቹን ሲያልፉ ያገኛቸው ነበር። በዚህ ካርታ ርቀት የሚለካው በሜትር ሳይሆን በሩጫ ሰከንድ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች የት ላይ ፊት ለፊት እንደሚገጣጠሙ የሚወስነው እሱ ነውና። ግድግዳው አሸዋማ ቢጫ ሆኖ ጌጥ ያልበዛበት መሆኑም ይጠቅማል፤ ከፊቱ የቆመ ሰው ጎልቶ ይታያል። በዓለም ዙሪያ የካርታውን ጥግ ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ተጫዋች ስፍር ቁጥር የለውም፤ የሠሪውን ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ሁለቱ ሙያዎች የሚለያዩት ካሜራውን በያዘው እጅ ነው። ዳይሬክተር የሚፈልገውን ብቻ ያሳያል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 በሠራው «ዘ ሻይኒንግ» ውስጥ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ የቀን ብርሃን የሚገባበት መስኮት አለው፤ ገጸ ባሕርያቱ ወደ ቢሮው የሚገቡበትን መንገድ የተከታተለ ሰው ግን ክፍሉ በሕንፃው መሐል እንዳለ፣ ከመስኮቱ በስተጀርባም ኮሪደር መኖር እንደነበረበት ይረዳል። አብዛኛው ተመልካች ይህን አያስተውልም። ካርታ ሠሪ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ ተጫዋቹ ዞሮ ከኋላ ያያል፣ ይዘላል፣ ማንም ያላሰበው ጥግ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ካሜራውን የሰጠ ሰው እንዴት ይመራል? የ«ዱም» ጌም የመጀመሪያ ካርታ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1993 የወጣው ይህ ጌም አንዱን ክፍል በሌላው ክፍል ላይ መደረብ እንኳ አይችልም ነበር። ካርታ ሠሪው ጆን ሮሜሮ ግን በመክፈቻው ክፍል መስኮት አደረገ፤ ከመስኮቱ ማዶ ክፍት ግቢ፣ በግቢው ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ጥሩር ይታያል። ወደ ግቢው የሚያስገባ በር ግን አይታይም። ዐይን ቀድሞ ደርሷል፤ እግር መንገድ ፍለጋ ይቀራል፤ መንገዱም በምስጢር በር በኩል ይገኛል። ሮሜሮ የሚታይ የውጪ ቦታ ሁሉ በመጨረሻ የሚደረስበት መሆን አለበት የሚል ደንብ ነበረው። የወለል ከፍታን መለዋወጥና ብርሃንን ከጨለማ ጎን ማስቀመጥም ከደንቦቹ መካከል ናቸው፤ የመጨረሻው የፊልም ብርሃን ባለሙያ ከሚያውቀው አይለይም። በ1998 የወጣው «ሃፍ-ላይፍ» ደግሞ ተጫዋቹን በባቡር አሳፍሮ ይጀምራል፤ ወደፈለገበት መዞር ይችላል፣ ሐዲዱን ግን መልቀቅ አይችልም። ከዳይሬክተር የተወረሰ ዘዴ ይመስለኛል።

አሠራሩም ይቀራረባል። ካርታ ሠሪ መጀመሪያ ባዶ ግራጫ ሣጥኖችን ደርድሮ ሰው ያጫውትበታል፤ ሰው በሚደናቀፍበት ያስተካክላል፤ ቀለሙና ጌጡ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዳይሬክተር ቦንግ ጁን-ሆ በ2019 የወጣውን «ፓራሳይት» ፊልም ሲሠራም በፊልሙ ያሉት ሀብታሞች ቤት ከታሪኩ ነው የመነጨው፦ ማን ከየት ተደብቆ ያያል፣ ማን ከደረጃው ላይ ሆኖ ያደምጣል? ፕሮዳክሽን ዲዛይነሩ ሊ ሃ-ጁን ቤቱን የፀሐይዋን አቅጣጫ ጭምር አስቦ አስገነባው። የድሆቹ ሰፈር የተሠራው በውኃ ገንዳ ውስጥ ነበር፤ ጎርፉ እንዲያጥለቀልቀው።

በሁለቱ ሙያዎች መካከል ያለው ድንበር የፈረሰው ግን በተጫዋቾች እጅ ነው። በ1996 «ክዌክ» የተባለው ጌም በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሬንጀርስ የተባለ የተጫዋቾች ቡድን «ዳይሪ ኦፍ ኤ ካምፐር» የተሰኘ አጭር ፊልም በጌሙ ውስጥ ሠራ። ፋይሉ ምስል አልያዘም፤ የእንቅስቃሴዎችን መዝገብ እንጂ፤ ስለዚህ ለማየት ጌሙ ራሱ ያስፈልግ ነበር። ትልቁ እርምጃ ካሜራውን ከተኳሹ ዐይን ማላቀቃቸው ነው። በ2003 የጀመረው «ሬድ ቨርሰስ ብሉ» ደግሞ ከ«ሄሎ» ጌም ካርታዎች አንዱን፣ በሁለት ጫፎቹ ምሽግ ያለበትን ሸለቆ፣ መድረኩ አደረገ። በዚያ ጌም ሽጉጥ የያዘ ገጸ ባሕርይ ወደታች ሲመለከት መሣሪያውን ያወርዳል፣ ጭንቅላቱ ግን ቀና እንዳለ ይቀራል። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ግድፈት ተጠቅመው ወታደሮቹን ቆመው እንዲያወጉ አደረጓቸው። ይህን ዘውግ ማሺኒማ ይሉታል።

አሁን መንገዱ በተቃራኒው ነው፤ የጌም መሣሪያ ወደ ፊልም ሥራ ገብቷል። በ1998 ለአንድ የተኩስ ጌም የተሠራው አንሪል ኢንጅን የተባለው ሶፍትዌር በ2019 «ዘ ማንዳሎሪያን» ለተባለው ተከታታይ ፊልም የጀርባ ገጽታ ማቅረቢያ ሆነ። ተዋንያኑን 6 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ 270 ዲግሪ የሚዞር የኤልኢዲ ግድግዳ ይከብባቸዋል። ካሜራው ሲንቀሳቀስ ግድግዳው ላይ ያለው በረሃም አብሮ አንግሉን ይቀይራል፤ የተዋናዩ የብረት ጥሩር የሚያንጸባርቀው የዚያኑ ሰማይ ብርሃን ነው። በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቢሆን ነጸብራቁ አረንጓዴ ይሆን ነበር። የሥራው ቅደም ተከተልም ተገለበጠ፦ ቀድሞ ከቀረጻ በኋላ ይሠራ የነበረው ዓለም አሁን ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ማለቅ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው የግድግዳው ግርጌ ነው። እውነተኛው አሸዋ አልቆ የስክሪኑ አሸዋ የሚጀምርበት መስመር ከታየ ትዕይንቱ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ አሸዋ የሚያፈሰው የመድረክ ሠራተኛና በኮምፒውተር ላይ በረሃውን የሠራው ባለሙያ ቀለሙንና የጥላውን አቅጣጫ አንድ ላይ ሆነው ያስተካክላሉ፤ አንዱ አካፋ ይዞ፣ ሌላው ማውዝ ይዞ።