ሱቁ ክፍት ነው፣ ደንበኛው ግን ከበር ይመለሳል
የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ዕድሜ ወደ 47 ቀን እየወረደ ነው

በድረ ገጽ ዕቃ የሚሸጥ፣ ትዕዛዝ የሚቀበል ወይም ክፍያ የሚያስተናግድ ነጋዴ አንድ ቀን ጠዋት ደንበኞቹ ወደ ገጹ መግባት ቢያቅታቸው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የመብራት መጥፋትን፣ የኔትወርክ መቋረጥን ወይም የጠላፊዎችን እጅ ነው። ይሁን እንጂ ሰርቨሩ እየሠራ፣ ኔትወርኩም እያለ፣ ማንም ሳይነካው በደንበኛው ስክሪን ላይ ግንኙነቱ አስተማማኝ አለመሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሊወጣ ይችላል። ይህን ያየ ገዢ አይከራከርም፤ ገጹን ዘግቶ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል። ከዚህ ብልሽት በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጠላፊ ሳይሆን ቀኑ ያለፈበት ወይም በትክክል ያልተጫነ ሰርተፊኬት ነው።

ሰርተፊኬት ሲባል ሰርቨሩ በእርግጥ የድረ ገጹ ስም ባለቤት መሆኑን የሚመሰክርና ሰጪው ድርጅት በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ያጸደቀው ማስረጃ ነው። ብራውዘሩ ማስረጃውን አይቶ ካመነ በኋላ ከሰርቨሩ ጋር በምስጢር ቁልፍ ይስማማል። ከዚያ በኋላ የሚተላለፈው የይለፍ ቃልም ሆነ የካርድ ቁጥር መሀል ገብቶ ለሚያዳምጥ ሰው አይነበብም። አሠራሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ በኔትስኬፕ ኩባንያ ኤስኤስኤል በሚል ስም የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ተተኪው ቲኤልኤስ ይባላል።

ነገሩን ከንግድ ፈቃድ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሁለቱም በየጊዜው መታደስ አለባቸው። ልዩነቱ፣ የንግድ ፈቃድ ወቅቱ ቢያልፍ በቅጣት ሊታደስ ይችላል፤ ለሰርተፊኬት ግን የይቅርታ ጊዜ የለም። የተጻፈበት ደቂቃ ሲሞላ ያበቃል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ደግሞ በግሪንዊች አቆጣጠር በመሆኑ፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያበቃ ሰርተፊኬት በአዲስ አበባ የሚሞተው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ነው።

ትልልቆቹም አላመለጡም። ጥር 25 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020) የማይክሮሶፍት ኩባንያ «ቲምስ» የተባለው የቢሮ መገናኛ ለሶስት ሰዓታት ያህል አልከፈትም ብሎ ነበር። ኩባንያው ምክንያቱ ሳይታደስ ያለፈ ሰርተፊኬት መሆኑን አስታውቋል። አገልግሎቱ በዚያን ወቅት በቀን ከ20 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ነበሩት።

እድሳቱ እየተደጋገመ ነው

ቀደም ሲል አንድ ሰርተፊኬት ለዓመታት ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ጣሪያው 398 ቀን ሆነ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ደግሞ የሰርተፊኬት ሰጪዎችና የብራውዘር ሠሪዎች የጋራ መድረክ ዕድሜውን በሶስት ደረጃ ለማሳጠር ወሰነ። በዚሁ መሠረት ከመጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥ ሰርተፊኬት ከ200 ቀን፣ ከመጋቢት 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ከ100 ቀን፣ ከመጋቢት 6 ቀን 2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2029) ጀምሮ ደግሞ ከ47 ቀን መብለጥ አይችልም።

ለነጋዴው ትርጉሙ ግልጽ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ጠርቶ በእጅ የሚያሳድስ ድርጅት ወደፊት በዓመት ቢያንስ ስምንት ጊዜ ሊጠራው ነው። አንዷን ከረሳ ሱቁ ይዘጋል። ስለዚህ እድሳቱን ለማሽን መስጠት ምርጫ መሆኑ እየቀረ ነው።

ብልሽቱን ከየት መጀመር ይቻላል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ችግሩ የሰርቨሩ ነው ወይስ የደንበኛው የሚለው ነው። ገጹን ከቢሮው መስመር ውጪ፣ በሌላ ስልክና በሞባይል ዳታ መክፈት ይበቃል። በሌላው ሁሉ ከተከፈተና በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ እምቢ ካለ፣ የዚያን ኮምፒዩተር ቀንና ሰዓት መመልከት ይገባል። ሰዓቱ የተዛባ ማሽን ደህናውን ሰርተፊኬት «ጊዜው አልፎበታል» ወይም «ገና አልደረሰም» ይለዋል።

በሁሉም ቦታ እምቢ ካለ ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ነው። «ጊዜው አልፏል» ካለ መታደስ አለበት። «ስሙ አይገጥምም» ካለ ሰርተፊኬቱ የወጣው ለሌላ ስም ነው፤ በተለይ ሶስት ደብሊው ላለበት አድራሻ ብቻ ወጥቶ ለሌለበት የተረሳ እንደሆነ ይህ ይከሰታል። «ሰጪው አይታወቅም» ካለ ሰርተፊኬቱ ሰርቨሩ ለራሱ የፈረመው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ማስጠንቀቂያ ሳይወጣ ገጹ ዝም ብሎ ከቀረ ደግሞ ለዚህ ግንኙነት የተመደበው የሰርቨሩ 443ኛ በር በፋየርዎል መዘጋት አለመዘጋቱ ይታያል።

ነጋዴውን ሳያስበው የሚጎዳው የሰንሰለቱ መበጠስ ነው። ሰርተፊኬት ብቻውን አይቆምም፤ በመካከለኛ ሰርተፊኬት በኩል ብራውዘሩ ከሚያምነው ዋና ሰጪ ጋር ይያያዛል። ባለሙያው መካከለኛውን ሳይጭን ከቀረ አንዳንድ ብራውዘሮች የጎደለውን ራሳቸው ፈልገው ይሞሉታልና ባለቤቱ በኮምፒዩተሩ ሲከፍት ምንም ችግር አይታየውም። ክፍያ መፈጸሙን ለማሳወቅ የሚመጣው የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ግን ይህን ላያደርግና ግንኙነቱን ሊያቋርጥ ይችላል። የዚህ ውጤት ገንዘቡ ከደንበኛው ሂሳብ ወጥቶ ሳለ ትዕዛዙ «አልተከፈለም» ተብሎ መቅረቱ ነው። ይህን ለመለየት «ኦፕን ኤስኤስኤል» የተባለው ነፃ መሣሪያ ሰርቨሩ የሚያቀርበውን ሰንሰለት በሙሉ ዘርዝሮ ያሳያል።

ሌላው የተለመደ ግራ መጋባት ታድሶ ሳለ አሮጌው መታየቱ ነው። አዲሱ ፋይል ቢቀመጥም የሰርቨሩ ሶፍትዌር እንደገና እንዲያነበው ካልታዘዘ አሮጌውን ማቅረቡን ይቀጥላል። ገጹ በሁለትና ሶስት ሰርቨሮች የሚስተናገድ ከሆነም አንዱ ተረስቶ ይሆናል፤ ምልክቱ ገጹ አንዴ ከፍቶ አንዴ እምቢ ማለቱ ነው። እድሳቱ በማሽን የሚካሄድበት ሰርቨር ደግሞ 80ኛው በር ቢዘጋ፣ ወይም የድረ ገጹ ስም ወደ ሌላ ሰርቨር ቢዞር፣ ሰጪው ባለቤትነቱን ማረጋገጥ ያቅተውና እድሳቱ ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል።

የመሣሪያ እርጅናም ምክንያት ይሆናል። ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች እ.ኤ.አ. በ2020 የቲኤልኤስን 1.0 እና 1.1 ዓይነቶች በመተዋቸው፣ ወደ 1.2 ወይም 1.3 ያልተሸጋገረ ሰርቨር ደንበኛ ያጣል። በደንበኛው በኩልም መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. አንድ የቆየ ዋና ሰርተፊኬት ዕድሜው ሲያበቃ፣ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አሮጌ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ደህና ድረ ገጾችን አናምንም ብለው ነበር።

ውድ ሰርተፊኬት ምን ይገዛል?

«ሌትስ ኢንክሪፕት» የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሰርተፊኬት በነፃ ይሰጣል። በገንዘብ የሚሸጠውም ሆነ ነፃው የሚተላለፈውን መረጃ በመደበቅ ረገድ ልዩነት የላቸውም። ውዱ የሚጨምረው ሰጪው የድርጅቱን ሕጋዊ ህልውና ማጣራቱንና የደንበኛ ድጋፍን ነው። የድርጅቱን ስም በአረንጓዴ ያሳይ የነበረው ምልክት ከክሮም ብራውዘር አድራሻ መስመር እ.ኤ.አ. በ2019 ስለተነሳ፣ ለእርሱ ብሎ የሚከፍል ነጋዴ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው ይሻለዋል። ሻጩ ታማኝ መሆኑንም ሰርተፊኬት አይመሰክርም፤ አጭበርባሪም ለራሱ ገጽ ማውጣት ይችላል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ከቴክኒኩ ይልቅ ብዙ የሚያስከፍለው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ሥራ ቀይሮ ሲሄድ የሰርቨሩን የይለፍ ቃልና የግል ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፤ የማስታወሻ ኢሜይሉም ለእርሱ ይደርሳል። በማስታወሻ ብቻ መተማመንም አያዋጣም፤ ሌትስ ኢንክሪፕት እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የማብቂያ ቀን የሚያስታውሰውን ኢሜይል መላክ አቁሟል።

ስለዚህ ባለቤቱ ድረ ገጹን የሚይዝለትን ባለሙያ የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይበጀዋል። ሰርተፊኬቱ የሚያበቃው መቼ ነው? እድሳቱ በማሽን ነው በእጅ? እድሳቱ ቢከሽፍ ከባለሙያው ሌላ ማን ይነገረዋል? የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በድርጅቱ ስም ነው በግለሰብ? የሰርቨሩ የይለፍ ቃል ቅጂ በድርጅቱ ካዝና አለ? የማብቂያ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በሂሳብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም አይከፋም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ከአንድ ስልክ ጥሪ በላይ አይፈጅም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና ጥሪው ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት ቢደወል ይመረጣል።