ሰባት ቤት በምራቅ ሲቆጠር

ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ይቆጥራሉ። አባቱ እገሌ፣ አያቱ እገሌ፣ ቅድመ አያቱ እገሌ እያሉ በአባትም በእናትም በኩል ሽቅብ ይወጣሉ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ የጋራ ስም ካልተገኘ ጋብቻው ይጸናል፤ ከተገኘ ይቀራል። መዝገቡ ያለው በሽማግሌው ቃል ነው፤ እሳቸው ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል።

ዛሬ በሌላው ዓለም ሚሊዮኖች የሚሞክሩት የዲኤንኤ ዘመድ ፍለጋ ከተቃራኒው ጫፍ ይነሣል። ሽማግሌው ስሞቹን ያውቃሉ፤ ከስሞቹ ተነሥተው ዝምድና አለ ወይም የለም ይላሉ። ላብራቶሪው ዝምድና መኖሩን ይደርስበታል፤ በማን በኩል እንደሆነ ግን አንድም ስም አያውቅም።

ተመርማሪው ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይበላ ሳይጠጣ ይቆይና ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ምራቁን ይተፋል፤ ሌሎች ድርጅቶች ደግሞ ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ ማስጠረግ ይበቃቸዋል። ላብራቶሪው አብዛኛውን ጊዜ ዲኤንኤውን በሙሉ አያነብም። ከሰው ሰው የሚለያዩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይለይና ቀድመው ከተመረመሩት ሰዎች ሁሉ ጋር ያስተያያል። በሁለት ሰዎች ላይ ረጅም፣ ያልተቆራረጠ አንድ ዓይነት ቁራሽ ከተገኘ ከአንድ አያት የወረደ ነው ተብሎ ይገመታል። መለኪያው ሴንቲሞርጋን ይባላል። እናትና ልጅ 3400 ገደማ ይጋራሉ። አያታቸው አንድ የሆነ ሰዎች በአማካይ 850 ያህል፣ ቅድመ አያታቸው አንድ የሆነ 230 ያህል፣ ቅም አያታቸው አንድ የሆነ ደግሞ 70 ያህል ይጋራሉ።

ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጅ ግማሹን ይወስዳል፤ ያ ግማሽ ግን ከሁለት አያቶች እንደ ካርታ ተበውዞ የወጣ ነው። ሰባት ቤት ስንወጣ 128 አያቶች አሉን፤ ከእነሱ መካከል አንዲት ቁራሽ እንኳ ያላወረሱን ሊኖሩ ይችላሉ። ቅም አያታቸው አንድ ከሆነ ከአሥር ጥንዶች አንዱ በምርመራው አይገናኝም። ከዚያ አንድ ቤት ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ጥንዶች ባዳ ሆነው ይወጣሉ፤ ዝምድናቸው ግን እውነት ነው። ሽማግሌው የሚያዩትን ርቀት ላብራቶሪው ሁልጊዜ አያየውም፤ እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝም ይኸው ነው።

የአያቷን አባት የምትፈልግ አንዲት ሴት ከማታውቀው ሰው ጋር 90 ሴንቲሞርጋን ወጣላት እንበል። ቁጥሩ ብቻውን ቅም አያታቸው አንድ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ አንድ ቤት ከፍ ወይም ዝቅ ሊልም ይችላል። ቀጥላ ሁለቱንም የሚዛመዱትን ሰዎች ዝርዝር ታያለች። የእናቷ ወንድም ልጅ እዚያ ውስጥ ካለ፣ ነገሩ በእናቷ በኩል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚያ የእያንዳንዱን ዘመድ የዘር ሐረግ በልደት፣ በጋብቻና በሞት መዝገብ እየፈለገች ሽቅብ ትሠራለች፤ ሁለት ሦስቱ ሐረጎች አንድ ባልና ሚስት ላይ ሲገጥሙ ቁልቁል ትመለሳለች። ከባልና ሚስቱ ልጆች አያቷ በተወለዱበት ዘመንና ቀበሌ የነበረው የትኛው ነው? ሥራው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ወገን ከወገን ለብዙ ትውልድ ሲጋባ በኖረበት ማኅበረሰብ፣ ለምሳሌ በአሽከናዚ አይሁዶች ዘንድ፣ ቁራሾቹ በብዙ መንገድ ስለሚደራረቡ ሩቁ ዘመድ ቅርብ ይመስላል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ሕዝብ ቁጥሩ ጠርቶ ይነበብለታል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ጥበብ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ስሙን ለተቀማ ሰው ነው። በአሜሪካ የ1850 እና የ1860 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ቆጠራ በባርነት የተያዙትን ሰዎች በጌታው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ መዘገባቸው። በስማቸው የተጻፉት በ1870 ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን የዘር ፍለጋቸው እዚያ ላይ ግድግዳ ይሆንባቸዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ካቶክቲን ፈርነስ በሚባል የብረት ማቅለጫ ይሠሩ የነበሩ ባሮችና ነፃ ጥቁሮች የተቀበሩበት ቦታ ለአውራ ጎዳና ሥራ ተቆፍሮ ነበር። በ2023 ተመራማሪዎች ከአጽሞቹ የ27ቱን ዲኤንኤ ከተመረመሩ ሚሊዮኖች ጋር አስተያይተው በተለያየ ርቀት የሚዛመዷቸው 41,799 ሰዎች አገኙ። ስም የለሽ አጽም ዘመድ አገኘ።

ምርመራው ያልጠየቁትንም ይናገራል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ በ1485 በጦር ሜዳ ወድቆ፣ አጽሙ በ2012 ሌስተር ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ተገኘ። ማንነቱ የታወቀው በሴት ሐረግ ነው፤ ከእናት ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከእህቱ ከአን በ17 ትውልድ ከወረደው ከማይክል ኢብሰን ጋር ገጠመ። በወንድ በኩል የተቆጠሩት ዘመዶች ግን አልገጠሙም፤ በመካከል የሆነ ቦታ መዝገቡ አባት ያለው ሰው አባት አልነበረም። እንዲህ ያለ ዜና የዛሬ ቤተሰብንም ያናጋል። ምራቁን የሰጠ ሰው የወንድሞቹንና የልጆቹን ምስጢርም አብሮ ይሰጣል፤ እነሱን ሳያማክሩ መላክ ተገቢ አይመስለኝም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን እ.ኤ.አ. በ2018 እስክትከለክል ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። አድገው ወገናቸውን ሲፈልጉ ምራቅ ይልካሉ፤ እዚህ ያለው ዘመድ ካልተመረመረ ግን የሚገጥማቸው የለም። የሩቅ ዘመድ ቢገኝ እንኳ ስሙ ሌላ እንቅፋት ነው። ልጅ በአባትና በአያት ስም ስለሚጠራ የሴት አያቶች ስም በሁለት ትውልድ ይጠፋል፤ የንጉሡ አጽም የታወቀበት የሴቶች ሰንሰለት እኛ ዘንድ ቶሎ የሚበጠሰው ነው። በዚያ ላይ አንዱን ሰው ባንዱ ቤት በክርስትና ስሙ፣ በሌላው በዓለም ስሙ፣ በሦስተኛው በፈረስ ስሙ ይጠሩታል፤ ሦስት ሰዎች ይመስላል። ስለዚህ አያቶቻችንን ስንጠይቅ "አባትዎ ማን ይባላሉ?" ብለን አንቁም። እናታቸው ማን ይባሉ ነበር? የማን ልጅ ነበሩ? ከየት አገር ተድረው መጡ? በቤት ውስጥስ ምን ብለው ይጠሯቸው ነበር?